አህያውን ፈርቶ ዳውላውን፦ ክርክር ከሐሳቡ ወደ ሰውየው ሲዞር

ከጅማ ብዙም በማይርቅ ቀበሌ ቡና አምራቾች ተሰብስበዋል እንበል። የግብርና ባለሙያዋ ወጣት ናት። ያረጀው ቡና እንዲጎነደል ታስረዳለች፦ ለቀማው ካለቀ በኋላ፣ ዋናው ዝናብ ሳይገባ፣ ግንዱ ከመሬት ከ30 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር ላይ በሰላ መጋዝ ይቆረጣል፤ ቁርጡ ውኃ እንዳይቋጥር ሰያፍ ይሆናል፤ ከሚያቆጠቁጡት ቀንበጦች ጠንካራዎቹ ሁለት ወይም ሦስቱ ብቻ ይቀራሉ፤ ለሁለት ዓመት ያህል ምርት አይኖርም፤ ከዚያ በኋላ ዛፉ እንደ አዲስ ይይዛል። ከኋላ አንድ አዛውንት ብድግ ይላሉ። «ልጄ፣ ለመሆኑ አንድ እግር ቡና ተክለሽ ታውቂያለሽ?» ቤቱ በሳቅ ይሞላል። ባለሙያዋ አንገቷን ትደፋለች። የጉንደላው ጉዳይ ሳይወሰን ሰዉ ይበተናል።

አዛውንቱ አልተሳደቡም፤ እንዲያውም «ልጄ» ብለው ነው የጀመሩት። ነገሩ እውነት ሊሆንም ይችላል፤ ልጅቷ ቡና ተክላ አታውቅ ይሆናል። ከተናገረችው ግን አንዱም አልተነካም። ቁመቱ በዛ ያለ የለም። ሰያፍ መቁረጥ አያስፈልግም ያለ የለም። በሁለት ዓመት አይደርስም ያለ የለም። የተነካችው እሷ ናት፤ ሐሳቧ ግን እንደተቀመጠ ነው።

«አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» የሚለው ተረት ለዚህ ነገር የተበጀ ይመስላል። አህያው ሐሳቡ ነው፤ ይራገጣል፤ ቁጥርና ምክንያት ስላለው የቀረበው ሰው በቁጥርና በምክንያት መቅረብ አለበት። ዳውላው ተናጋሪው ነው፤ ለዱላ ቅርብ ነው፤ እሱን ለመምታት ስለ ቡና ምንም ማወቅ አያስፈልግም።

ሕጸጹ የት ላይ ነው?

በሥነ አመክንዮ አንድ ሙግት ሁለት ክፍል አለው፦ መነሻና መደምደሚያ። መነሻው መደምደሚያውን መሸከም አለበት። ግላዊ ጥቃት የሚባለው ሕጸጽ፣ ማለትም የሙግት ስህተት፣ የሚፈጠረው አንድን መደምደሚያ ለመጣል የቀረበው መነሻ ስለ ጉዳዩ መሆኑ ቀርቶ ስለ ተናጋሪው ሲሆን ነው። ተዘርግቶ ሲጻፍ እንዲህ ይመስላል፦ «እገሌ ይህን አለ። እገሌ እንዲህ ያለ ሰው ነው። ስለዚህ ያለው ነገር ልክ አይደለም።» ከሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ወደ ሦስተኛው የሚያሻግር ድልድይ የለም። ዝም ብሎ ሲሰማ ድልድይ ያለ የሚመስለው ሦስቱ ዓረፍተ ነገሮች አንድ ላይ ስለማይነገሩ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚነገረው መካከለኛው ብቻ ነው፤ «ስለዚህ» የሚለውን አድማጩ በልቡ ይሞላዋል። አዛውንቱም «ስለዚህ ጉንደላ አይረባም» አላሉም። ቤቱ ራሱ ደመደመላቸው።

እዚህ ላይ በብዛት የሚሳቱ ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ ስድብ ሁሉ ሕጸጽ አይደለም። «አንተ ደንቆሮ! 14ን በ7 ሺህ ስታባዛ 98 ሺህ እንጂ 89 ሺህ አይመጣም» ያለ ሰው ባለጌ ነው፤ ሙግቱ ግን ትክክል ነው፤ ምክንያቱም ስሌቱን የጣለው በስሌት ነው። ስድቡን የሚመለከት ሌላ ቤት አለ፤ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ስድብንም ስም ማጥፋትንም ያስቀጣል። ሕጉ የሚጠብቀው ክብርን ነው፤ ሥነ አመክንዮ ደግሞ የሚመዝነው ምክንያትን ነው። ሁለተኛ፣ ሕጸጽ ሁሉ ስድብ አይደለም። «እሱ እኮ ደግ ልጅ ነው፤ ገና ነው እንጂ» ማለት በፍቅር የተጠቀለለ ግላዊ ጥቃት ነው። በየቡናው ላይ የሚሰማው ይኸኛው ነው፤ ለስላሳ ስለሆነም ማንም አያስቆመውም። ሦስተኛው ከሁለቱም ይከብዳል፦ ስለ ሰውየው የተባለው ነገር እውነት መሆኑ ሕጸጹን አያጠፋውም። ሰዎች ጥቃት ሲደርስባቸው «ይህ ውሸት ነው» ብለው ለመከላከል የሚሯሯጡት ይህን ባለማየታቸው ነው። መጠየቅ ያለበት «እውነት ነው ወይ?» ሳይሆን «እውነት ቢሆንስ፣ ጉዳዩን ምን ይለውጠዋል?» የሚለው ነው።

ሊቃውንቱ ለዚህ ሕጸጽ የሚጠቀሙበት የላቲን ስም «አድ ሆሚኔም» ነው፤ ትርጉሙ «ወደ ሰውየው» ማለት ነው። ወደ ነገሩ የቀረበን መልስና ወደ ሰውየው የቀረበን መልስ አሪስቶትል ከ2,300 ዓመታት በፊት ለይቷቸው ነበር። ስሙ ግን ሁልጊዜ ስድብን አያመለክትም ነበር። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ሎክ እ.ኤ.አ. በ1690 ሲጠቀምበት፣ አንድን ሰው ራሱ ከተቀበላቸው መነሻዎች በሚወጣ ውጤት መያዝ ማለቱ ነበር። በእድር ስብሰባ ላይ «ጋሼ፣ ባለፈው ወር እርስዎ ራስዎ ‘የለቅሶ ክፍያ መቀነስ የለበትም’ ብለዋል፤ ታዲያ መዋጮው ካልጨመረ ከየት ይከፈላል?» እንደ ማለት ነው። ይህ ሰውየውን ማጥቃት አይደለም። የራሱን ቃል አንስቶ ከአሁኑ አቋሙ ጋር እንዲያስታርቅ መጠየቅ ነው፤ በእኛም ሙግት የቆየ መንገድ ነው። «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» ይባል የለ።

ተረቱን ካነሳን አይቀር፣ በበላ ልበልሃ ዘመን የአንደበት ስልት በሙግት ውስጥ ትልቅ ቦታ ነበረው። አሽሙር የሚያውቅ፣ ቃል የሚመርጥ ተሟጋች ይከበር ነበር። ያ ጣዕም ዛሬም ከእኛ ጋር ነው፤ የሚያሳፍርም አይደለም። ጣጣው ስብሰባ ላይ ሳቅ እንደ ማስረጃ ሲቆጠር ነው።

አንድ ጉዳይ፣ አምስት ዱላ

ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የመጀመሪያ ዓመት የጋራ ትምህርት የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም እንደሌሎቹ ሁሉ ሎጂክ ይወስዳሉ። ፈተናው «ይህ የትኛው ዓይነት ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ተማሪው ስሙን ሸምድዶ ያልፋል። ስሙን ማወቅ የጥቅሙ ትንሹ ክፍል ነው። የሚጠቅመው ጥቃቱ ምን እንዳስረሳን ማየት ነው። ስለዚህ አንድ ጉዳይ ይዘን እንቆይ።

120 አባላት ያሉት የሰፈር እድር አለ እንበል። ወርኃዊ መዋጮ 50 ብር ነው፤ በዓመት 72 ሺህ ብር ይገባል። ለአንድ ለቅሶ 7 ሺህ ብር ይወጣል። ባለፈው ዓመት 14 ለቅሶ ነበር፤ 98 ሺህ ብር ወጥቷል። 26 ሺህ ብር ከተጠራቀመው ተነክቷል ማለት ነው። ገንዘብ ያዡ «መዋጮው 70 ብር ይሁን፤ በዓመት 100,800 ብር ይገባል፣ ወጪውን ይሸፍናል» ይላል።

የመጀመሪያው ዱላ ቀጥተኛው ነው፤ «ይሄ ሆዳም!» በዚህ ላይ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ሁሉም ያውቀዋል፤ ብዙ ሰብሳቢዎችም ያስቆሙታል።

ሁለተኛው የጥቅም ጥርጣሬ ነው። «ድንኳን የሚያከራየው ወንድሙ አይደል?» ይህ ከስድቡ ይበረታል፤ ምክንያቱም ብልህነት ይመስላል። አድማጩ ምሥጢር የተገለጠለት ያህል ይሰማዋል። ወንድሙ ድንኳን ማከራየቱ የ98 ሺሁን ወጪ ወደ 72 ሺህ አያወርደውም፤ 26 ሺሁ እንደጎደለ ነው። ጥርጣሬው ራሱን የቻለ ጥያቄ ሊሆን ይችላል፤ «ድንኳን ከማን፣ በስንት ይከራይ?» የሚል። እሱ ግን ሌላ አጀንዳ ነው።

ሦስተኛው «አንተስ?» ነው። «ራስህ የሦስት ወር ውዝፍ እያለብህ ጨምሩ ትለናለህ?» «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» የሚለው ተረት ይህን ጥቃት ክብር ያለበሰው ይመስለኛል። ተረቱ ስለ ሴትዮዋ ልክ ነው፤ የራሷን ድስት ማየት ነበረባት። የጎረቤቷ ወጥ ማማሰል ያስፈልገዋል ወይስ አያስፈልገውም ለሚለው ግን መልስ የለውም። ገንዘብ ያዡ ውዝፉን መክፈል አለበት፤ በደንቡ ቅጣት ካለ ይቀጣ። ከፍሎ ሲጨርስ የሚገባው 150 ብር ነው፤ ጉድለቱ ከ26 ሺህ ብዙም አይርቅም።

አራተኛው የጓደኛ ጥቃት ነው። «ከአህያ የዋለች ጊደር» ብለው ይጀምሩና ሰውየው ከማን ጋር እንደሚውል ይቆጥራሉ። በጅማ ዓይነት ከተማ፣ ብዙ ቋንቋና ብዙ እምነት በአንድ ሰፈር በሚኖርበት ቦታ፣ ይህ ዓይነቱ ጥቃት በፍጥነት ወደ ብሔርና ወደ ሃይማኖት ይንሸራተታል። እዚያ ሲደርስ ነገሩ የሙግት ስህተት መሆኑ ያከትማል፤ የሰፈሩን አብሮ መኖር የሚነካ ይሆናል። ሌላውን ጥቃት ዝም ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ ይህን ግን የእድሩ ዳኛ ወዲያው ማስቆም አለበት።

አምስተኛው ከመጀመሩ በፊት የሚጨርሰው ነው። ገንዘብ ያዡ ገና ሳይነሳ አንዱ፦ «አሁን ስለ ገንዘብ ይነገረናል፤ ገንዘብ የሚወድ ሰው ምን እንደሚል ታውቃላችሁ» ይላል። ከዚህ በኋላ ገንዘብ ያዡ ቁጥር ቢጠራ «ይኸው» ይባላል፤ ዝም ቢል «አፈረ» ይባላል። ይህን ምንጩን መመረዝ ይሉታል። ስሙ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1864 ነው። በዚያ ዓመት እንግሊዛዊው ደራሲ ቻርልስ ኪንግስሊ የሮማ ካቶሊክ ካህናት እውነትን ለእውነትነቱ አያከብሩም ብሎ ጻፈ፤ የካቶሊኩ ካህን ጆን ሄንሪ ኒውማን ሲመልስ፣ የምናገረው ሁሉ አስቀድሞ ውሸት ተብሎ ከተቆጠረ እንዴት ልመልስ እችላለሁ፣ ይህ ምንጭን መመረዝ ነው ብሎ ተከራከረ። «ውሾን ያነሣ ውሾ» የሚለው አባባላችን ለእርቅ ሲውል መልካም ነው፤ የሞተ ነገር እንዳይነሳ ይዘጋል። ለክርክር ሲውል ግን ይኸው መርዝ ይሆናል፤ ጉዳዩን ያነሳ ሁሉ አስቀድሞ ስም ተሰጥቶታል።

አሁን ለተመሳሳዩ ጉዳይ እውነተኛ ተቃውሞ ምን እንደሚመስል ይታይ። «ባለፈው ዓመት 14 ለቅሶ ነበር፤ ካቻምና ግን 9 ብቻ ነበር፤ በ9 ለቅሶ ወጪው 63 ሺህ ነው፣ በ50 ብር ይሸፈናል። የአንድ ክፉ ዓመት ቁጥር ይዘን ለሁልጊዜ አንጨምር፤ የአምስቱን ዓመት አማካይ እንይ።» ይህ ተናጋሪ ስለ ገንዘብ ያዡ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ሐሳቡን ግን ከአምስቱ ዱላዎች ይልቅ ክፉኛ ነቀነቀው። ገንዘብ ያዡም ቢሆን ይህን ሲሰማ መዝገብ ወደመግለጥ ይሄዳል፤ ራሱን ወደመከላከል አይደለም።

በአማርኛ ጥቃት ከቃሉ በፊት በሰዋስው ይመጣል

አማርኛ ራሱ የሚሰጠን አንድ ምልክት አለ። ክርክር ሲከር «እርስዎ» ወደ «አንተ» ይወርዳል። ሰውየው እዚያው ተቀምጦ ሳለ «ይሄ ሰውዬ» ይባላል፤ ንግግሩ ከእሱ ጋር መሆኑ ቀርቶ ስለ እሱ ይሆናል። ወንዱን «ይቺ» ማለት ይመጣል። ከሁሉ በላይ ልብ መባል ያለበት ግን «አንተ» ወደ «እናንተ» የሚዞርባት ቅጽበት ናት። «እናንተ እኮ ሁልጊዜ እንዲህ ናችሁ» ሲባል አንድ ሰው ያቀረበው ሐሳብ የአንድ ወገን ሐሳብ ሆኗል፤ ያ ወገን ማን እንደሆነ ደግሞ ተናጋሪው አልነገረንም፤ እያንዳንዱ አድማጭ የፈራውን ወይም የጠላውን ወገን ያስገባበታል። ሰብሳቢ የሆነ ሰው ጆሮውን እዚህ ላይ ቢያቆም፣ ስድቡ ከመድረሱ ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር ቀደም ብሎ ይሰማዋል።

የተገላቢጦሹም አለ። «ሐጂ የተናገሩት ነው»፣ «የተማረ ሰው ነው ያለው» ብሎ ሐሳቡን ሳያዩ መቀበል የዚያው ሕጸጽ ሌላኛው ፊት ነው። በዱላ ፋንታ ካባ ነው የተሰጠው፤ ሐሳቡ ግን አሁንም አልተመዘነም።

ስም የሌለው ናሙና

ለዚህ ችግር መድኃኒቱ ጅማ ውስጥ በየቀኑ ይሠራበታል፤ ሥራ ላይ ያለው በቡና ላይ ስለሆነ ብቻ ነው የማናስተውለው። በኢትዮጵያ ምርት ገበያ በኩል የሚያልፍ ቡና ሲመረመር ናሙናው የሚደርሰው በቁጥር ነው፤ ቀማሹ የማን ቡና እንደሆነ አያውቅም። ነጥቡ ከ100 ነው፤ 40ው ለጥሬው ነው፤ 60ው ለቅምሻው ነው። የቅምሻው 60 ለጽዳት፣ ለአሲድነት፣ ለውፍረትና ለጣዕም በየ15 ይከፈላል። በእነዚህ መለኪያዎች ውስጥ የባለቤቱ ጠባይ የሚባል መስመር የለም። ነጋዴው ክፉ ቢሆንም ቡናው ንጹሕ ከሆነ ንጹሕ ነው፤ ነጋዴው ደግ ቢሆንም መሬት ላይ የተሰጣ ቡና አፈር አፈር ይላል።

በሐሳብ ላይም ይህንኑ ማድረግ ይቻላል። የተባለውን ሐሳብ በአንድ ዓረፍተ ነገር በወረቀት ጻፉት። የተናጋሪውን ስም አትጻፉ። ከሥሩ ሐሳቡ የቆመባቸውን ምክንያቶች ዘርዝሩ፤ ብዙ ጊዜ ከሦስት አይበልጡም። አሁን የተሰነዘረውን ተቃውሞ አንስታችሁ «ይህ ከእነዚህ ምክንያቶች የትኛውን ይመታል?» ብላችሁ ጠይቁ። የሚያርፍበት መስመር ካለ ተቃውሞው ጉዳዩን ይመለከታል፤ በቁጣም ቢነገር ይመዘን። የሚያርፍበት ካጣ ወደ ሰውየው የተወረወረ ነው። «የሦስት ወር ውዝፍ አለብህ» ከተጻፉት መስመሮች በየትኛውም ላይ አያርፍም። «ካቻምና 9 ለቅሶ ነበር» ግን ቀጥታ በ14ቱ ላይ ያርፋል።

ይህ ፈተና አንድ ቦታ ላይ ይሳሳታል፤ ያንን ማወቅ ያስፈልጋል። አንዳንድ ሐሳብ የቆመበት ብቸኛ ምክንያት ራሱ ሰውየው ነው።

ስለ ሰው መናገር ሲገባ

«በዓይኔ አይቻለሁ» ያለ ምስክር ከቃሉ በቀር ያቀረበው ነገር የለም። ስለዚህ ከየት ሆኖ አየ፣ መሽቶ ነበር ወይ፣ ከተከሳሹ ጋር ጠብ አለው ወይ፣ ከዚህ ቀደም በሐሰት መስክሯል ወይ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ፍርድ ቤት መስቀለኛ ጥያቄ የፈቀደው ለዚህ ነው። «ባለሙያ ነኝና እመኑኝ» ያለም እንዲሁ ነው፤ ማስረጃ አድርጎ ያቀረበው ባለሙያነቱን ስለሆነ ምን እንደተማረ መጠየቅ ሐሳቡን መመርመር ነው። የጉንደላዋ ልጅ ግን «እመኑኝ» አላለችም፤ ቁመት፣ ወቅትና ምክንያት ነው የሰጠችው። ልዩነቱ ይህ ነው። የእድር ገንዘብ ያዥ በሚመረጥበት ቀን ደግሞ ጉዳዩ ራሱ ሰውየው ነው፤ ያኔ ውዝፉን ማንሳት ግዴታ ነው። ያው ውዝፍ በአንዱ ስብሰባ ሕጸጽ፣ በሌላው ስብሰባ ዋና ማስረጃ ይሆናል።

የጥቅም ግጭት በሁለቱ መካከል ይቆማል፤ ብዙ የምንሳሳተውም እዚህ ነው። ታላቁ የስታቲስቲክስ ሊቅ ሮናልድ ፊሸር በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ማጨስ የሳንባ ካንሰር ያመጣል የሚለውን ድምዳሜ ተቃውሞ ነበር። ራሱ ፒፓ ያጨስ ነበር፤ ከትንባሆ አምራቾችም በአማካሪነት ይከፈለው ነበር። «ተከፍሎት ነው» ብሎ መተው ይቻል ነበር። ነገር ግን ያነሳው ጥያቄ ቀላል አልነበረም፦ ሰውን ወደ ማጨስ የሚገፋውም ለካንሰር የሚያጋልጠውም አንድ የዘር ውርስ ቢሆንስ? ጥያቄው የተመለሰው በደመወዙ አይደለም። ተመራማሪዎቹ ሪቻርድ ዶልና ብራድፎርድ ሂል እ.ኤ.አ. ከ1951 ጀምሮ ከ40 ሺህ በላይ የብሪታንያ ሐኪሞችን መዝግበው ለዓመታት ተከታተሉ፤ ብዙ ያጨሰ ብዙ ይታመማል፣ ያቆመ ሰው ደግሞ ከጊዜ ጋር አደጋው ይቀንስለታል። ያቆመ ሰው የዘር ውርሱን አልለወጠም። ስለዚህ የጥቅም ግጭት ሲገኝ የሚደረገው ወንፊቱን ማጥበቅ ነው፦ ቁጥሩ ከየት መጣ፣ ሌላ ሰው ደግሞ ይቁጠረው፣ መዝገቡ ይገለጥ። ሐሳቡን መጣል ግን የሚቻለው ከወንፊቱ ሥር ሲወድቅ ብቻ ነው።

አልፍሬድ ቬግነርም ይጠቀሳል። እ.ኤ.አ. በ1912 አህጉሮች ይንቀሳቀሳሉ ሲል የአየር ጠባይ ተመራማሪ እንጂ የሥነ ምድር ሰው አልነበረም፤ አንዳንዶችም ይህንኑ አንስተውበታል። ነገር ግን «አህጉሩን የሚገፋው ኃይል ምንድን ነው?» ብለው የጠየቁትም ነበሩ፤ እሱ ያቀረበው ኃይል ደካማ ነበርና ጥያቄያቸው ልክ ነበር። ሁለቱን አንድ ላይ መውቀጥ አይገባም። ሐሳቡ ተቀባይነት ያገኘው በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የውቅያኖስ ወለል መስፋቱ ሲታወቅ ነው፤ የእኛም ስምጥ ሸለቆ በዓመት በሚሊሜትር የሚቆጠር እየሰፋ መሆኑ ዛሬ ይለካል።

ዱላው ሲያርፍብዎ

በጣም የተለመደው ስህተት ራስን መከላከል ነው። «ውዝፉ የሦስት ወር አይደለም፣ የሁለት ነው፤ ያውም ታምሜ ነበር» ማለት ሲጀመር የስብሰባው አጀንዳ ተቀይሯል፤ ከእንግዲህ የሚወራው ስለ መዋጮ ሳይሆን ስለ ሕመም ነው። ሁለተኛው ስህተት መልሶ መምታት ነው፤ «አንተስ?» በ«አንተስ?» ይመለሳል፤ መጨረሻ የለውም። ሦስተኛውን የሚሠሩት ሎጂክ የተማሩት ናቸው፦ «ይህ አድ ሆሚኔም ነው!» ብለው ይጮኻሉ። ስሙን ያልሰማ ሰው የተሰደበ ይመስለዋል፤ የሰማም ቢሆን ይናደዳል። ደግሞም ተቃዋሚው ሕጸጽ መፈጸሙ የእርስዎን ሐሳብ ትክክል አያደርገውም፤ ያልመለሱት ጥያቄ ካለ እንዳልተመለሰ ነው።

የሚሠራው አካሄድ አጭር ነው። እውነት የሆነውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይቀበሉ፤ ዝርዝር አይጨምሩ። ወዲያው ወደ ቁጥሩ ይመለሱ። «ውዝፍ አለብኝ፤ እስከ እሑድ እከፍላለሁ። 26 ሺሁ ጉድለት ግን ከየት ይሙላ?» መቀበሉ የአጥቂውን እጅ ባዶ ያደርገዋል፤ ጥያቄው ደግሞ ቤቱን ወደ አጀንዳው ይመልሳል። ጥያቄ ሆኖ መጠናቀቁ አስፈላጊ ነው፤ በመግለጫ ከጨረሱ ቀጣዩ ተናጋሪ እንደገና ወደ ውዝፉ ይሄዳል። የተባለው ከባድ ክስ ከሆነ፣ ለምሳሌ «ገንዘብ በልተሃል» ከተባለ፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር አይታለፍም፤ «ይህ ክስ ስለሆነ ይመዝገብና ኦዲተር ተመርጦ ይታይ፤ አሁን ግን ስለ መዋጮው እንጨርስ» ተብሎ ለብቻው አጀንዳ ይሰጠዋል።

ሰብሳቢ ለሆነ ሰው ደግሞ አንድ ነገር ከሁሉ ይበልጣል፦ ከውይይቱ በፊት ሐሳቡን ያለ ስም ለቤቱ ማንበብ። «የእገሌ ሐሳብ» ካሉት እገሌን የማይወድ ሁሉ ገና ሳይሰማ ተቃውሟል። «ለቤቱ የቀረበው፣ መዋጮው 70 ብር ይሁን የሚል ነው» ካሉት ግን ሰዎች ስለ 70 ብር ማሰብ ይጀምራሉ። ነገሩ ወደ ሰው ሲዞርም መቆጣት አያስፈልግም፤ ያንኑ ዓረፍተ ነገር ደግሞ ማንበብ ይበቃል።

ከዚህ ሁሉ ግን ከፍተኛ ችሎታ የሚጠይቀው በጥቃቱ ውስጥ የተደበቀውን ጥያቄ ማውጣት ነው። ሰዎች ብዙ ጊዜ ሰውን የሚመቱት እውነተኛ ፍርሃታቸውን በቃል ማስቀመጥ ሲያቅታቸው ነው። ወደ ጉንደላው እንመለስ። አዛውንቱ «አንድ እግር ቡና ተክለሽ ታውቂያለሽ?» ሲሉ፣ ከሥሩ ያለው «ሁለት ዓመት ምን ልንበላ ነው?» የሚል ነበር። ያልተከለ ሰው ምርት የሌለበት ዓመት ምን እንደሚመስል አያውቅም ማለታቸው ነው። ልጅቷ «አባቴ፣ ተክዬ አላውቅም። ያሳሰብዎት ሁለቱ ባዶ ዓመታት ናቸው?» ብላ ብትጠይቅ ቤቱ ሳቁን ያቆም ነበር። ከዚያ በኋላ ሊነሳ የሚገባው ክርክር ይመጣል፤ እሱም ይህን ይመስላል።

1,200 እግር ቡና ያለው ገበሬ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ከጎነደለ ሁለት ዓመት ምንም አይለቅምም። በሦስት ከፍሎ በየዓመቱ 400 ቢጎነድል፣ በመጀመሪያው ዓመት 800 ይለቅማል፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው ግን ሁለት ሁለት ክፍል አንድ ላይ ባዶ ስለሚሆን የሚለቅመው 400 ብቻ ነው፤ በአምስተኛው ዓመት ሁሉም ይሰጣል። በአራት ከፍሎ 300 300 ቢጎነድል፣ በየትኛውም ዓመት ከ600 በታች አይወርድም፤ ሁሉም የሚሰጠው ግን በስድስተኛው ዓመት ነው። ብዙ ልጅ ያለውና ከቡና ሌላ ገቢ የሌለው አራቱን ይመርጣል፤ በቆሎ ወይም ከብት ያለው ሦስቱን ሊችል ይችላል። የትኛው ጥግ ቀድሞ ይቆረጥ የሚለውን ደግሞ ዛፎቹን አንድ በአንድ የሚያውቁት አዛውንቱ ከማንም በላይ ይናገራሉ።